ቦክሰኛው የማን ነው?

በቦክስ መድረክ ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ለግጥሚያ ይቆማሉ። ከገመዱ ውስጥ ሠራዊት የለም፤ ሚኒስትር የለም፤ አምባሳደርም የለም። ይሁን እንጂ ደወሉ ከመደወሉ በፊት የአገሮች መዝሙር ይዘመራል፤ ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለባል፤ አንዱ ሲወድቅ አንድ አገር እንደ ወደቀ፣ ሌላው እጁን ሲያነሣ አንድ ሕዝብ በሙሉ እንዳሸነፈ ተደርጎ ይነገራል። ታዲያ ያን በላቡና በደሙ የሚታገል ሰው የዚህ ወይም የዚያ አገር ሰው የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ሦስት ዓይነት መልሶች ሲሰጡ ኖረዋል። አንደኛው «ደሙ ነው» ይላል። ሁለተኛው «የተወለደበት መሬት ነው» ይላል። ሦስተኛው «በኪሱ የያዘው የዜግነት ወረቀት ነው» ይላል። ሦስቱም ላይ ላዩን ሲታዩ አሳማኝ ይመስላሉ። ወደ ታሪክ ገብተን ስንመረምራቸው ግን የመጀመሪያው ፍጹም ሐሰት፣ ሁለቱ ደግሞ ጎደሎ ሆነው እናገኛቸዋለን። ጉዳዩ የስፖርት ወሬ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው የተሳሳተ መልስ ባለፈው ክፍለ ዘመን የሰው ሕይወት አስከፍሏልና።

ከአገራችን ታሪክ ጋር በቅርብ ከተያያዘው እንጀምር። ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1935) ምሽት በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። በመድረኩ አንደኛው ማዕዘን የ21 ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ፣ በሌላው ማዕዘን የቀድሞው የዓለም ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ኢጣሊያዊው ፕሪሞ ካርኔራ ተቀምጠዋል። የወልወል ግጭት ከደረሰ ሰባት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ሙሶሊኒ ሠራዊቱንና የጦር መሣሪያውን በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ኤርትራና ወደ ሶማሊያ በማጓጓዝ ላይ ነው። የሃርለም ጥቁር ነዋሪም ሆነ የጥቁሮች ጋዜጦች ግጥሚያውን ከዚህ ለይተው አላዩትም። ካርኔራን የወራሪው፣ ሉዊስን የኢትዮጵያ እንደራሴ አድርገው ተመለከቱ። ረብሻ ይነሣል ተብሎ ስለ ተፈራ የከተማው ፖሊስ በብዛት ተሰማርቶ ነበር። በስድስተኛው ዙር ግዙፉ ካርኔራ ደጋግሞ ወደቀ፤ ዳኛውም ግጥሚያውን አቆመ። ከዚያች ምሽት መቶ ቀን በኋላ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የፋሽስት ጦር መረብን ተሻገረ።

እዚህ ላይ ልናጤነው የሚገባ ነገር አለ። ጆ ሉዊስ የአላባማ የጥጥ ጭሰኛ ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። በትውልዱም በሕጉም አሜሪካዊ ነው። ነገር ግን በተወለደበት ክፍለ ግዛት የእርሱ ቀለም ያለው ሰው የምርጫ ድምፅ እንዳይሰጥ በልዩ ልዩ ዘዴ ይታገድ ነበር። በአንድ በኩል ሕግ ዜጋዬ የሚለው መንግሥት የዜግነትን ሙሉ መብት ነፍጎታል፤ በሌላ በኩል በሩቅ ያለ፣ ወረራ ያንዣበበበት ሕዝብ ትግል የእርሱ ትግል ሆኖ ተቆጥሯል። ጆ ሉዊስ ኢትዮጵያዊ ነበር ብለን አንከራከርም፤ ይህ ከእውነት የራቀ ነው። የምንለው፣ ሰዎች አንድን ቦክሰኛ «የእኛ» ለማለት የደሙን የዘር ሐረግ ወይም የመዝገቡን ገጽ አልጠበቁም ነው። በእርሱ ቡጢ ውስጥ የራሳቸውን የነፃነት ጥያቄ አዩ። ወገንተኝነት ከዚህ ይመነጫል።

የተሸናፊው ታሪክም ከዚህ ያላነሰ ያስተምራል። ካርኔራ በሰሜን ኢጣሊያ በምትገኝ ሴኳልስ በተባለች መንደር ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ እንጀራ ፍለጋ ወደ ፈረንሣይ ተሰደደ፤ በሰርከስ ውስጥ ጉልበቱን እያሳየ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1933 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ሙሶሊኒ የ«አዲሱ ኢጣሊያዊ» ምሳሌ አድርጎ ጥቁር ሸሚዝ አልብሶ ለሕዝብ አሳየው። በሉዊስ በተሸነፈ ጊዜ ግን የወደቀበትን ፎቶግራፍ እንዳያትሙ ለኢጣሊያ ጋዜጦች ትእዛዝ ተላለፈላቸው። ቆሞ ሳለ የኢጣሊያ ነበር፤ ሲወድቅ የማንም ሳይሆን ቀረ። ይኸው ሰው ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1953፣ የአሜሪካን ዜግነት ተቀበለ። በ1967 ደግሞ ታሞ ወደ ሴኳልስ ተመልሶ በዚያው አረፈ። ያ «የዘሩ ምሳሌ» የተባለው ሰው በመጨረሻ ስደተኛና የመንደር ልጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ፋሽስቶች የለጠፉበት ምልክት ከላዩ ላይ ሲነሣ የቀረው በጉልበቱ የሚያድር አንድ ድኻ ሰው ነው።

ይኸው የፋሽስት አገዛዝ ከካርኔራ አስቀድሞ በሌላ ቦክሰኛ ላይ የፈጸመው ተግባር የደም ንድፈ ሐሳቡን ባዶነት ይበልጥ ያጋልጣል። ሊዮኔ ያኮቫቺ እ.ኤ.አ. በ1902 በኮንጎ ከኢጣሊያዊ አባትና ከኮንጎዊት እናት ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወደ ኢጣሊያ ተወስዶ በአያቶቹ ቤት አደገ። ቋንቋው ኢጣሊያንኛ ነው፤ ያሳደገው ቤት የኢጣሊያ ቤት ነው። በወጣትነቱ በመርከብ ተቀጥሮ ወደ እንግሊዝ ከሄደ በኋላ ግን በቦክስ መድረክ የቆመው ጃክ ዎከር በሚል ስም፣ እንደ ጥቁር አሜሪካዊ ሆኖ ነበር። ገበያው ለጥቁር ኢጣሊያዊ ቦታ አልነበረውምና። ሰኔ 1928 (እ.ኤ.አ.) በሮም ብሔራዊ ስታዲየም በብዙ ሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት ማርዮ ቦዚስዮን በነጥብ አሸንፎ የኢጣሊያና የአውሮፓ የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በስታዲየሙ የነበረው ሕዝብ ማን እንዳሸነፈ በዓይኑ አይቷል። አገዛዙ ግን ይህን እውነት ሊሸከም አልቻለም። የግጥሚያው ፊልም ድሉ ከሚታይበት ክፍል ላይ ተቆረጠ፤ ጋዜጦቹም ጥቁር ሰው ኢጣሊያን ሊወክል እንደማይገባው ጻፉ። ያኮቫቺ ስሙ ተረስቶ፣ በሚላኖ የበር ጠባቂ ሆኖ ኖረና በ1983 ሞተ።

የሮም ፋሽስቶች በመቀስ የፈጸሙትን የበርሊን ናዚዎች በግድያ ፈጸሙት። ዮሐን ትሮልማን በሐኖቨር ያደገ፣ ከሲንቲ ማኅበረሰብ የተወለደ ጀርመናዊ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 1933 በበርሊን አዶልፍ ቪትን ገጥሞ የጀርመንን የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮንነት ለማግኘት ተፋለመ። በግልጽ በልጦ ሳለ ዳኞቹ «ውጤት የለም» ብለው ወሰኑ። በአዳራሹ የነበረው ሕዝብ በቁጣ ስለ ተነሣ ማዕረጉን ሊሰጡት ተገደዱ። ስምንት ቀን ሳይቆይ ግን ጠባዩ አሳፋሪ ነው በሚል ሰበብ ነጠቁት። በሚቀጥለው ወር ወደ መድረክ የወጣው ፀጉሩን ቢጫ ቀለም ቀብቶ፣ ገላውን ዱቄት ነስንሶ ነበር። «ጀርመናዊ የምትሉት ይህን ከሆነ ይኸውላችሁ» ማለቱ ነው። እንደ ልማዱ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ ቡጢውን እየተቀበለ በአምስተኛው ዙር በዝረራ ወደቀ።

የዚህ ሰው መከራ በዚህ አላበቃም። አገዛዙ ዘር እንዳይተካ አኮላሸው። በ1939 ግን ያው አገዛዝ ወታደር አድርጎ መለመለው፤ በምሥራቁ ጦር ግንባርም ቆሰለ። ቀበቶውን ለመታጠቅ ጀርመናዊ አይደለህም የተባለው ሰው በምሽግ ውስጥ ለመሞት ጀርመናዊ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። በ1942 ተይዞ ወደ ኖየንጋመ የማጎሪያ ካምፕ ተወሰደ፤ በዚያም ጠባቂዎቹ ለመዝናኛቸው ያስቦክሱት ነበር። በ1944 በዊተንበርገ ካምፕ ተገደለ። የጀርመን የቦክስ ፌዴሬሽን ሻምፒዮንነቱን ያጸደቀለት በ2003፣ ማለት ከሰባ ዓመት በኋላ ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው ግልጽ ነው። የደም ንድፈ ሐሳብ አቀንቃኞች አንድም ጊዜ ስለ ደም በእውነት መርምረው አያውቁም። የጠየቁት ጥያቄ «ይህ ሰው ማን ነው?» ሳይሆን «ይህ ሰው ለምን ይጠቅመናል?» የሚል ነበር። ሲጠቅማቸው የዘሩ አበባ ነው፤ ሳይጠቅማቸው ባዕድ ነው። ደም የሰበቡ ስም እንጂ የውሳኔያቸው ምክንያት አልነበረም።

የትውልድ ስፍራስ? በእርግጥ ሰው በተወለደበት መሬት ላይ የሚሰማው ፍቅር የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን መለኪያ ሊሆን አይችልም። ሌኖክስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1965 ከጃማይካዊ ቤተሰብ በለንደን ተወለደ። በ12 ዓመቱ ወደ ካናዳ ሄዶ ቦክስን በዚያ ተማረ። በ1988 በሴውል ኦሊምፒክ ለካናዳ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ፤ ከዚያ ወዲያ በፕሮፌሽናልነት ለብሪታንያ ተሰልፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የትውልድ ስፍራ ብቻ ይፍረድ ቢባል የካናዳ አሠልጣኞቹ ድካም ከንቱ ሊባል ነው፤ ያደገበት ብቻ ይፍረድ ቢባል ደግሞ ለንደን የተወለደ የብሪታንያ ዜጋ መብቱን ሊያጣ ነው። አንድ ሰው ከሁለት ሕዝብ ጋር እውነተኛ ትስስር ሊኖረው ይችላል። ይህን መቀበል ለማንም ውርደት አይደለም።

ወረቀቱ ከሦስቱ ሁሉ የሚሻለው ነው። በጠራራ የሚታይ፣ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕግ ከደም ተረት ሺህ ጊዜ ይበልጣል። የኦሊምፒክ ቻርተርም ተወዳዳሪው የሚወክለው አገር ዜጋ እንዲሆን ያዛል፤ ሁለት ዜግነት ያለው እንዲመርጥ ይፈቅዳል፤ አገር ለሚለውጥ ደግሞ በመደበኛው የሦስት ዓመት ቆይታ ይጠይቃል። ይህ ተገቢ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ትሮልማንም አገሩ ጀርመን፣ ያኮቫቺም አባቱ ኢጣሊያዊ ነበር። ከወረቀቱ በስተጀርባ የሚቆም ፍትሕ ከሌለ ወረቀት ተራ ወረቀት ነው።

ይህን የምንለው ስለ ፋሽስት አገሮች ብቻ አይደለም። ራሱን የነፃነት አገር አድርጎ የሚቆጥረውም ከዚህ ፈተና አላመለጠም። ጆ ሉዊስ በጁን 1938 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊውን ማክስ ሽሜሊንግን በመጀመሪያው ዙር ሲዘርረው ነጩም ጥቁሩም አሜሪካዊ «የእኛ» አለው። በ1942 ሁለት ግጥሚያ አድርጎ ገቢውን ለባሕር ኃይልና ለጦር ሠራዊት መረዳጃ ለገሰ፤ ራሱም ወታደር ሆነ። የተመደበው ግን ጥቁሮች ተለይተው በሚያገለግሉበት ክፍል ነበር። ከጦርነቱ በኋላም የግብር ዕዳ ለብዙ ዓመታት አንገቱን አስደፍቶታል። በ1981 ሲሞት በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር በክብር ተቀበረ። ከቀብሩ ወጪ ከፊሉን ከሸፈኑት መካከል አንዱ ያ «የናዚዎች ሰው» የተባለው ሽሜሊንግ ነው። ሽሜሊንግ በኅዳር 1938 (እ.ኤ.አ.) አይሁዳውያን በሚታደኑበት ሰሞን ሁለት አይሁዳውያን ወንድማማቾችን ደብቆ ያተረፈ ሰው መሆኑም የታወቀ ነው። አገዛዝ በሰው ላይ የለጠፈው ስምና ሰውየው ራሱ ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

መሐመድ ዓሊም በ1960 በሮም ኦሊምፒክ ለአሜሪካ ወርቅ አመጣ። በ1967 በቬትናም ጦርነት አልዘምትም ባለ ጊዜ ማዕረጉን ተነጠቀ፤ ፓስፖርቱ ተያዘ፤ ከሃዲ ተባለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን የሻረለት በ1971 ነው። በ1980 ያው መንግሥት የሞስኮን ኦሊምፒክ አድማ እንዲያስረዳለት ወደ አፍሪካ ላከው፤ በ1996 በአትላንታ የኦሊምፒኩን ችቦ እንዲለኩስ ተመረጠ። ሰውየው በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያው አሜሪካዊ ነበር። የተለዋወጠው የመንግሥቱ ፍላጎት ነው። ይልቁንም ዓሊ አገሩን «አይሆንም» ባለ ጊዜ ከማንም የበለጠ ዜጋ እንደ ነበር ታሪክ መስክሮለታል። ዜግነት መታዘዝ ብቻ ሳይሆን የአገርን ስሕተት መናገርንም ያጠቃልላልና።

እንግዲህ መልሳችን ምንድን ነው? የቦክሰኛ ብሔራዊ ማንነት በእርሱና በአንድ ሕዝብ መካከል ያለ የሁለት ወገን ትስስር ነው። በእርሱ በኩል፦ ሕይወቱን ከዚያ ሕዝብ ጋር መኖሩ፣ ዕጣውን መካፈሉ፣ ስሙን ወዶ መሸከሙ። በሕዝቡና በመንግሥቱ በኩል፦ ሙሉ መብት መስጠት፣ በሕግ መጠበቅ፣ በሚያሸንፍበትም በሚሸነፍበትም ቀን እኩል የራስ ማድረግ። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ትስስሩ ይላላል። የመንግሥቱ ወገን ሲጎድል ደግሞ ቦክሰኛው ዜጋ መሆኑ ቀርቶ ዕቃ ይሆናል። የመጨረሻው ፈተና በድል ቀን አይገኝም፤ በድል ቀን ዘመድ የማይሆን የለም። ፈተናው የሽንፈት ቀን ነው። የወደቀውን ፎቶግራፍ የደበቀው አገዛዝ ፈተናውን ወድቋል።

በዚህ መለኪያ የዛሬውን ዓለም ብንመለከት ሁለት ተቃራኒ ነገሮች እናያለን። በአንድ በኩል ሀብታም አገሮች ከድኾች አገሮች ስፖርተኞችን በገንዘብ እየመለመሉ ዜግነትን እንደ ሸቀጥ ያስተናግዳሉ፤ ጉልበቱ ሲደክም የሚሰናበት «ዜጋ» በተግባር ቅጥር ሠራተኛ ነው። በሌላ በኩል አገር ያጡ አሉ። በካሜሩን የተወለደችው ሲንዲ ንጋምባ በ11 ዓመቷ ወደ ብሪታንያ ሄዳ ቦክስን በዚያ ተምራለች፤ የብሪታንያ ፓስፖርት ስላልነበራት ግን አብራቸው ከምትለማመደው ቡድን ጋር ልትሰለፍ አልቻለችም። በ2024 በፓሪስ በስደተኞች ኦሊምፒክ ቡድን ስም ተሰልፋ በ75 ኪሎ ግራም የነሐስ ሜዳሊያ አገኘች። ይህ ቡድን ከተመሠረተ ወዲህ ያገኘው የመጀመሪያው ሜዳሊያ ነው። ቡድኑ በ2016 በሪዮ መጀመሪያ ሲሰለፍ ከአሥሩ አባላት አንዱ በኢትዮጵያ የተወለደው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴ እንደ ነበረም ማስታወስ ይገባል። ባንዲራ የሌለው ሰው ክብር የሌለው ሰው አለመሆኑን እነዚህ ስፖርተኞች አሳይተዋል።

ጥያቄው በእኛም ደጅ ቆሟል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ የሌላ አገር ዜግነት ወዶ የተቀበለ ኢትዮጵያዊነቱን እንደ ተወ ይቆጠራል ሲል ደንግጓል። ሕጉ ሕግ ነው። የሕዝብ ስሜት ግን ከዚህ ይሰፋል። በ2024 የፓሪስ ማራቶን በአዳማ የተወለደችው ሲፋን ሐሰን ለኔዘርላንድ ወርቁን፣ ትዕግሥት አሰፋ ለኢትዮጵያ ብሩን ሲያገኙ ብዙዎቻችን በአንድ ጊዜ ደስታም ቁጭትም ተሰምቶናል። ስሜቱ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በ15 ዓመቷ ተሰድዳ የሄደችን ልጅ «ከሃዲ» ብሎ መጥራት ነው፤ ወይም ስታሸንፍ ብቻ «የእኛ» ብሎ መሻማት ነው። ከዚያ ይልቅ ራሳችንን ልንጠይቀው የሚገባን፣ ዛሬ በየከተማው ጂምናዚየም አሮጌ ጓንት አጥልቀው ለሚለማመዱት ልጆች ሳያሸንፉ በፊት ምን አደረግንላቸው፣ ሲጎዱስ ማን ያክማቸዋል የሚለውን ነው።

በአገር ስም መኩራት ተገቢ ነው። ሰንደቅ ዓላማም የሚከበር ነው። ነገር ግን ሰንደቅ ዓላማ በአሸናፊው ትከሻ ላይ ብቻ የሚለበስ ጌጥ ከሆነ ትርጉሙን ያጣል። ከ1927ቱ የሰኔ ምሽት የወረስነው ትምህርት ይህ ነው። ቦክሰኛው የሚሆነው፣ በወደቀ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ለሚያነሣው ነው።